በላምባ የምትበረው ጄትና የሦስት ዓመት ቁጠባችን



ባለፈው ረመዳን ለኢፍጣር ቤታችን የመጡ አንድ ወንድም ከጋራዣችን ጥግ ቀይና ቢጫ የተቀባች፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ወደ ሁለት ሜትር የምትጠጋ አውሮፕላን ቆማ አዩ። ዋጋዋን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ልጆቻችንን ስለ ቁጠባ ያስተምራሉ፤ ለመጫወቻ ይህን ያህል ያወጣሉ?» አሉን። ቴምሩን በእጃችን እንደያዝን መልስ አጣን። ኋላ ላይ የሰጠናቸው መልስ እርሳቸውንም ሆነ እኛን ያረካ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፣ ሒሳቡንም ሳንደብቅ ማቅረብ መረጥን። ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆችና እጃቸው ሥራ ለሚወድ ወጣቶች አንድ ነገር ያስጨብጥ ይሆናል።

ከኩራዝ ብርሃን እስከ ጄት

ያደግነው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ቁርኣን ቤት እንቀራለን፤ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንማራለን። ማታ መብራት ሲጠፋ በላምባ ኩራዝ ሉሓችንን ስናጠና አምሽተን፣ ጠዋት አፍንጫችን ጥላሸት ይዞ እንነሣለን። በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲያንዣብብ ግን ከሉሑ ላይ የማይነሣ የደረሳ ዓይን አልነበረም። ሸኻችን በዚህ አይቆጡም ነበር። «መጀመሪያ አሊፍን ያዝ፤ ሰማዩ የትም አይሄድብህም» ይሉናል። ያኔ ነገሩ ቀልድ ይመስለን ነበር።

ዛሬ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ነው። በሥራ ቀናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ እናስተምራለን፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የማኅበረሰባችንን ልጆች ቁርኣን እናስቀራለን። ልጃችን 7 ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከፎም የተሠራች ትንሽ በሪሞት የምትበር አውሮፕላን ገዛንለት። በመጀመሪያው ቀን ዛፍ ላይ ሰቀልናት፤ በሁለተኛው ቀን አፍንጫዋን ሰበርናት፤ በሙጫ አጣብቀን በሦስተኛው አበረርናት። ለልጁ የተገዛች ተብላ እንጂ ሪሞቱን ቶሎ የማንለቀው እኛ ነበርን። ከእርሷ በኋላ ሌላ፣ ከሌላዋም በኋላ በባትሪ የሚሽከረከር ማራገቢያ በሆዷ የያዘች የጄት ቅርጽ ያላት አውሮፕላን መጣች። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቤታችን ከአንድ ሰዓት በላይ በሚርቅ የክበብ ሜዳ ላይ፣ አንድ አዛውንት አባል እውነተኛ ተርባይን ሲያስነሡ አየን። ሽታው አፍንጫችን ላይ ሲደርስ ደንግጠን ልጃችንን አየነው። ሽታው የላምባ ነበር፤ የኩራዛችን ሽታ።

ለመሆኑ ተርባይን ምንድን ነው?

በሪሞት የሚበሩ አብዛኞቹ አውሮፕላኖች በባትሪ ወይም በትንሽ የነዳጅ ሞተር ፕሮፔለር እያሽከረከሩ የሚሄዱ ናቸው። ተርባይን ግን በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ያለው የጄት ሞተር ታናሽ ወንድም ነው። ከፊት ያለው መሽከርከሪያ አየር ስቦ ያምቃል። የታመቀው አየር በማቃጠያው ክፍል ውስጥ ከላምባ ጋር ተገናኝቶ ይነዳል። የጋለው ጋዝ በፍጥነት ሲወጣ ሁለተኛውን መሽከርከሪያ ያዞራል፤ ሁለቱም በአንድ ዘንግ ላይ ስላሉ የኋለኛው የፊተኛውን ይዞ ይዞራል። የተረፈው ኃይል በጭራው በኩል ወጥቶ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል።

የእኛዋ ሞተር ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ የመግፋት ኃይሏ ግን ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። ለዚህም በደቂቃ 150,000 ዙር ገደማ ትሽከረከራለች። የመኪና ሞተር 6,000 ዙር ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚጮህ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ይገምተዋል። ዘንጉን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ከፍሬ ቡና ብዙ የማይበልጡ ኳሶች የያዙ ናቸው። የሚቀባቸው ከነዳጁ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ነው፤ በተለምዶ ለ20 እጅ ነዳጅ 1 እጅ ዘይት ይገባል። ይህን የረሳ ሰው ሞተሩን ቀበረ ማለት ነው።

ታሪኩም ረጅም አይደለም። በሪሞት የምትመራ አውሮፕላን በእውነተኛ ተርባይን መብረሯ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ አገር ነው። ከዚያ በኋላ ኩርት ሽሬክሊንግ የተባለ ጀርመናዊ፣ ሰው በቤቱ መሣሪያ ሊሠራው የሚችል ተርባይን ነደፈ። አየር የሚያምቀው መሽከርከሪያ ከስስ የእንጨት ንጣፎች ተሠርቶ በካርቦን ክር የታሰረ ነበር። እንጨት የጄት ሞተር ውስጥ! ለተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው አያምኑንም። ዛሬ ግን ፋብሪካዎች አምርተው፣ ከኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያውና ከፖምፓው ጋር በካርቶን ይሸጡታል። ሞተሪኖው ራሱ ያስነሣዋል፤ ሲጠፋም ራሱ እያሽከረከረ ያበርደዋል።

የቤታችን ሹራ

ካየንበት ቀን ጀምሮ ከመደበኛ ሥራችን ውጪ ማታ ማታ ተማሪዎችን በማስጠናት የምናገኘውን ገንዘብ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኅታችን ከሦስት ልጆቿ ጋር ተፈናቀለች። የተጠራቀመው ገንዘብ በሁለት ቀን ውስጥ ተላከ። በዚህ ማንም ቤተሰብ ሊመሰገን አይገባውም፤ ያላደረገ ነው የሚጠየቀው። ነገሩን ያነሣነው «ሦስት ዓመት ቆጠብን» ስንል ከዚያ በኋላ ከዜሮ የጀመርነውን ማለታችን እንደሆነ ለመግለጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ 6,100 ዶላር ሞላ። ያን ጊዜ ባለቤታችን ሻይ ቀድታ ተቀመጠችና፣ «አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ኢስራፍ አይደለም?» አለች።

ፈትዋ የመስጠት ደረጃ ላይ አይደለንም። የጠየቅናቸው ዐዋቂም፣ «ግዴታችሁን ሳትነኩ፣ ሳትበደሩና በሰው ላይ ሳትኩራሩ ከሆነ ነገሩ በናንተው ሚዛን ነው» ብለው ሚዛኑን መልሰው ለኛው አስረከቡን። ስለዚህ ሦስት ሆነን ተቀምጠን ሦስት ቅድመ ሁኔታ ጻፍን። አንደኛ፣ በወለድ አንዲት ሳንቲም አይገባም። ሁለተኛ፣ ዘካውም ሆነ በየወሩ ወደ አገር ቤት የሚላከው አይነካም፤ ከተነካ ጄቷ ትሸጣለች። ሦስተኛዋን ያስጻፈች ባለቤታችን ናት፦ «ልጁ ቆሞ የሚያይባት ሳትሆን የሚማርባት ትሁን።»

ውበት ዓይንን ሲገዛ

የልጃችን ልብ ያረፈው ኤፍ-16 ላይ ነበር። በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ተለጥፏል። እንዳጋጣሚ አንድ የሌላ ክበብ አባል ያገለገለች ኤፍ-16 ከነተርባይኗ ሊሸጥ አቀረበ። ግራጫ ቀለሟ፣ በክንፎቿ ጫፍ የተሰኩት ሚሳይል መሰል ነገሮች፣ የአብራሪዋ ትንሽ አሻንጉሊት ሳይቀር! ልጃችን ዙሪያዋን ሲዞር ድምፁ ጠፋ። ዋጋዋ 7,500 ዶላር ነበር። «6,000 ስጠኝ፤ ቀሪውን በክሬዲት ካርድ ክፈለኝ፤ አንተ በየወሩ ታቃልለዋለህ» አለን። የካርዱን ወለድ እያሰብን የመጀመሪያውን ቅድመ ሁኔታ ጠቅሰን ተመለስን። እውነቱን ለመናገር ግን በመንገድ ላይ የተሰማን ኩራት ነበር፤ ፈተናውን ያለፍን መስሎናል።

ከአሥር ቀን በኋላ ሰውየው ደወለና፣ «ለመምህር ይሁን፤ 6,100 ይሁንልህ» አለ። አሁን ወለድ የለም። ገንዘቡም ልክ ነው። ምክንያት ስናጣ ነው እውነተኛው ጥያቄ የመጣው፦ ይህችን አውሮፕላን እጃችን ይችላታል?

ወደ አዛውንቱ ሄድን። እኒህ ሰው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ወንበር ሰጥተውን አንድ በአንድ አስረዱን።

«ስትነሣ ሁሉም ጄት ቆንጆ ነው» አሉን። «እኔ የምጠይቅህ ስለ ማረፉ ነው። የኤፍ-16 ክንፍ ለክብደቷ ትንሽ ነው። ስለዚህ በፍጥነት ካልመጣች አየር አይሸከማትም፤ ብታዘገያት በአንድ ክንፏ ተገልብጣ ትወድቃለች። ተርባይን ደግሞ እንደ ባትሪ ሞተር አይታዘዝም። ከዝቅተኛ ዙር ወደ ሙሉ ኃይል ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። ልታርፍ መጥተህ ‹አጠርኩ› ብለህ ነዳጅ ብትሰጥ፣ ኃይሉ የሚመጣው መሬት ከነካህ በኋላ ሊሆን ይችላል።»

ቀጥለው፣ «ሞተሯ ስንት ሰዓት ሠርታለች?» አሉን። ሻጩ «ጥቂት» እንዳለን ነገርናቸው። ሣቁ። ተርባይን እንደ ሰው ዕድሜው በሰዓት ይቆጠራል። መቆጣጠሪያው ራሱ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ብዙ አምራቾችም ከ25 ሰዓት ሥራ በኋላ ለጥገና እንዲላክ ያዝዛሉ። ሰዓቱ ካልታየ የገዛኸው ሞተሩን ሳይሆን የሰውየውን ቃል ነው ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የመጣልን በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በኮርዶባ የኖረው ዓባስ ኢብን ፊርናስ ነው። ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የጻፈው ታሪክ ጸሐፊው አል-መቀሪ እንደሚተርከው ላባ ለብሶ፣ ክንፍ ሠርቶ ወደ አየር ወጣ፤ ጥቂት ርቀትም በረረ። ሲያርፍ ግን ጀርባውን ተጎዳ። ምክንያቱም ወፍ በጭራዋ እንደምታርፍ አላስተዋለም፤ ጭራ አልሠራም ነበር። ለተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ስንነግር ሁልጊዜ በመብረሩ ላይ ነበር የምንቆመው። ለካ ትምህርቱ ማረፉ ላይ ነበር!

የመጀመሪያዋ ጄት እንዴት ትመረጣለች?

አዛውንቱ ያስያዙንን ነጥቦች ለሚያስፈልገው ሰው እነሆ።

ክንፏ ሰፊና ወፍራም ይሁን፤ ዝግ ብላ መምጣት የምትችል ትሁን። ቡሜራንግ እንደሚባሉት ያሉ ለመለማመጃ ተብለው የተሠሩ ጄቶች መልካቸው ባያምርም ይህን ያሟላሉ። የማረፊያ እግሯ ጠንካራ፣ ጎማዋ ትልቅ ይሁን፤ የክበብ ሜዳ እንደ ቦሌ አስፋልት አይደለም። ፍላፕና ፍሬን ይኑራት። ቀለሟ ከሩቅ የሚለይ ይሁን፤ ግራጫ ጄት በደመና ቀን ላይና ታችዋ ይጠፋል። ሞተሩን ከሚገባው በላይ ትልቅ አታድርግ፤ የተረፈ ኃይል ጀማሪን ወደማይመልሰው ፍጥነት ይወስደዋል። ደግሞም ጥገናው የት እንደሚደረግ ሳታውቅ ሞተር አትግዛ።

ሕጉም አለ። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የምትመዝን አውሮፕላን ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው በአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ በ5 ዶላር ይመዘገባል፤ ነፃ የሆነውንም የደኅንነት ፈተና ይወስዳል። አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ የተባለው አገር አቀፍ ማኅበር ደግሞ ተርባይን ለሚያበርሩ አባላቱ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የሚገኘው ፈቃድ ባላቸው ሰዎች ፊት በርሮ በማሳየት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ማይል እንዳያልፍ፣ የሪሞቱ ምልክት ቢቋረጥ ሞተሩ ወዲያው እንዲቀንስ ወይም እንዲጠፋ፣ የእሳት ማጥፊያም ከአጠገብ እንዳይለይ ያዝዛል። 10 ኪሎ የምትመዝን፣ ላምባ የያዘች ነገር ሰው ላይ ብትወድቅ «መጫወቻ ነበረች» የሚል ምክንያት አይሠራም።

«በቅሎ»

ኤፍ-16ቷን ትተን መለማመጃዋን እንደመረጥን ለልጃችን ስንነግረው አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለን ነበር። ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ጠቀለለው። ጄቷ በካርቶን መጥታ ስንገጣጥም ወፍራም ክንፏን አየና፣ «አባዬ፣ ይቺ እኮ ጄት አይደለችም፤ በቅሎ ናት» አለ። ስሟ በዚያው ቀረ።

ሒሳቡ ይህ ነው፦ ተርባይኑ 2,200፣ አውሮፕላኗ 1,600፣ ሪሞትና ባትሪዎች እንዲሁም ልዩ ልዩ ዕቃዎች 1,100፣ የእሳት ማጥፊያ፣ መፍቻዎችና የአባልነት ክፍያ 300፤ በድምሩ 5,200 ዶላር። የቀረውን 900 ለጥገና አስቀመጥን። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ መግዣ ላይ ጨርሶ የመጀመሪያው ብልሽት ቀን ከሜዳ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ጸደይ፣ ከአዛውንቱ ሪሞት ጋር በተያያዘ ሪሞት መማር ጀመርን። ስንሳሳት እርሳቸው ይረከቡናል። ሁለት ሊትር ተኩል ነዳጅ የሚያበርረን ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ነው፤ ለዚያ ስምንት ደቂቃ ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጃችን በአንድ ደብተር ላይ ሁሉን ይጽፋል፦ የሞተሩን ሰዓት፣ ሙቀቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የቀረውን ነዳጅ። በሒሳብ ትምህርቱ አማካይ ማውጣት የሚጠላው ልጅ የነዳጁን አማካይ ፍጆታ ሳይጠየቅ ማስላት ጀመረ። ፈቃዱን ያገኘነው በበጋው አጋማሽ ነው።

ሠላሳ አንደኛው በረራ

ከዚያ ሠላሳ አንደኛው በረራ መጣ። በቅሎ ከሜዳው ማዶ ነፋሱን ይዛ ስትሄድ ድምፅዋ በድንገት ተቆረጠ። የተርባይን ጩኸት የለመደ ጆሮ ያንን ዝምታ አይረሳውም። ሞተሩ ጠፍቷል። ሜዳው ሩቅ ነው፤ በመካከሉ አጥርና የበቆሎ ማሳ አለ።

እጃችን አፍንጫዋን ቀና ማድረግ ፈለገ። ሰው ሲጨንቀው ወደ ላይ ይስባል። ይህ ደግሞ ፍጥነቷን አሳጥቶ የሚጥላት ስሕተት ነው። ከጎናችን የቆመው ልጃችን፣ «አባዬ ዝቅ! አፍንጫዋን ዝቅ!» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ ለእኛ ያስተማሩንን እርሱ ከኋላችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ዝቅ አደረግናት። ፍጥነቷን እንደያዘች አጥሩን አለፈች። በወፍራሙ ክንፏ እየተንሳፈፈች ከመንደርደሪያው ወዲህ ሣሩ ላይ ዐረፈች። አንድ እግሯ ተጣመመ፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። እሳት ማጥፊያውን ይዘን ሮጥን፤ አላስፈለገም፤ አልሐምዱሊላህ።

ምክንያቱን ስንፈትሽ ጥፋቱ የኛ ሆኖ ተገኘ። በዋዜማው ሌሊት፣ የተማሪዎችን ፈተና አርመን ደክሞን ሳለ የነዳጅ ቧንቧ መጋጠሚያ ቀይረን በደንብ አላጠበቅነውም። በዚያ የገባ አየር ወደ ሞተሩ ደረሰ፤ ተርባይን ደግሞ አንዲት የአየር አረፋ ታጠፋዋለች። ልጃችን ደብተሩን ከፍቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በረራ 31። ሞተር ጠፋ። ምክንያት፦ አባዬ ቸኮለ።» እንዲያጠፋው ልንነግረው ቃጣን፤ ተውነው።

ኤፍ-16ቷን በእኛ ፈንታ የገዛት ሰው የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ነው። የሞተሩን ሰዓት አስመርምሮ፣ ለጥገናም ልኮ ይኸው እስከ ዛሬ በደኅና ያበርራታል። መጥፎ ጄት አልነበረችም፤ መጥፎ የምትሆነው በእኛ እጅ ነበር። ያን ቀን እርሷን ይዘን ቢሆን ኖሮ ከበቆሎው ማሳ የምንሰበስበው ስብርባሪ፣ ምናልባትም ቃጠሎ፣ ይሆን ነበር። ማታ ልጃችን የተጠቀለለውን ሥዕል አውጥቶ መልሶ ለጠፈው። በጎኑ ግን የበቅሎን ፎቶግራፍ አደረገበት።

እንግዲህ የረመዳን እንግዳችንን ጥያቄ እንመልስ። ገንዘቡ ብዙ ነው? አዎን፣ ብዙ ነው። ከዚህ በተሻለ ሊውል ይችል ነበር? ይችል ነበር፤ ይህን ጥያቄ ባለቤታችንም እስከ ዛሬ አልዘጋችውም፤ እኛም እንዲዘጋ አንፈልግም። ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ ሁለተኛ ጄት ከመግዛት ይጠብቀናል። ነገር ግን አንድ ልጅ ለዓይኑ ያማረውን ትቶ ለእጁ የሚሆነውን ሲመርጥ፣ አባቱ ሲሳሳት ያለ ፍርሃት ሲጽፍ፣ አባቱም ሲያነብ አይተናል። ለዚያ ዋጋ ማውጣት አንችልም።

ወጣት ወንድሞችና እኅቶች፣ ምኞታችሁ ተርባይን ላይሆን ይችላል፤ መኪና፣ ንግድ ወይም ትዳር ሊሆን ይችላል። ከመነሣቱ በፊት ማረፉን አስቡ። ሰዓቱ ያልታየ ሞተር አትግዙ። ኮምቦልቻ ያሉት ሸኻችን፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፣ ያሉትን ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜያችን ገና እየቀራነው ነው፦ መጀመሪያ አሊፍን ያዝ፤ ሰማዩ የትም አይሄድብህም።